ከሪቤይራኦ እስከ ኢስታንቡል፦ የአንድ ብራዚላዊ በረኛ መንገድ

ኤደርሰን የማንቸስተር ሲቲ ግብ ጠባቂ በነበረበት ጊዜ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ጨዋታ እናያለን። ሲቲ የመልስ ምት (ኳስ ከግቡ አጠገብ ሲወጣ በረኛው የሚመታው ምት) አገኘ። ካሜራው ሰፋ ሲል የሲቲ አጥቂ ከተጋጣሚ ተከላካዮች ሁሉ ጀርባ ብቻውን ቆሟል። አጠገቤ ያለው ልጅ «ኦፍሳይድ ነው እኮ! ምን ሆኖ ነው እዚያ የሚቆመው?» አለ።

ኦፍሳይድ አልነበረም። በእግር ኳስ ሕግ ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ አይባልም። ይሄ ሕግ ድሮም ነበር። የሚጠቀምበት ግን ብዙ አልነበረም። ምክንያቱም በረኛው ኳሷን እዚያ ድረስ፣ ያውም አጥቂው እግር ላይ፣ ማድረስ አለበት። ኤደርሰን ያደርሳል። በ2018 ኳሷን ከእጁ ለቅቆ በመምታት 75.35 ሜትር ልኮ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ተከላካዮች ይሄን ስለሚያውቁ አጥቂውን ብቻውን አይተዉትም። ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እነሱ ሲሸሹ መሐል ሜዳው ይከፈታል። ያኔ ኤደርሰን ረጅሙን ትቶ አጠገቡ ላለው ተከላካይ ቀስ አድርጎ ያቀብላል። ረጅሙ ምት ባይመታም ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ በረኛ ከሳኦ ፓውሎ አጠገብ ካለችው ኦሳስኮ ከተማ ተነስቶ ማንቸስተር እንዴት ደረሰ? «ጎበዝ ስለሆነ» ማለት ቀላል ነው። ብራዚል ውስጥ ግን ጎበዝ በረኛ ሞልቷል። የሚያሻግረው ሌላ ነገር ነው፦ ወረቀት፣ ትዕግሥትና የሌላ በረኛ ጉዳት። (ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሣር የማይበቅልበት ቦታ

ብራዚሎች «በረኛ የቆመበት ሣር አይበቅልም» ይላሉ። እንደ ገደ ቢስ ነው የሚያዩት። የዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆነው ሞአሲር ባርቦሳ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1950፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም። ብራዚል የዓለም ዋንጫውን ለማንሳት ከኡራጓይ ጋር አቻ መውጣት ይበቃት ነበር። አንድ ለአንድ ሆነው ሳለ የኡራጓዩ ጊጂያ በቀኝ በኩል ገባ። ባርቦሳ «ያሻማል» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ መሐል ወጣ። ጊጂያ አላሻማም። በባርቦሳና በቅርቡ ቋሚ መሐል አስገባት። 2 ለ 1። ባርቦሳ ያችን አንዲት እርምጃ ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ኖረ። በብራዚል ትልቁ የእስር ቅጣት 30 ዓመት እንደሆነ፣ እሱ ግን 50 ዓመት እንደተቀጣ እየተናገረ በ2000 ዓረፈ።

ብራዚሎች ራሳቸው በረኞቻቸውን እንዲህ ካዩ የአውሮፓ ክለብ ምን ይፈርዳል? አጥቂ ነው የሚገዛው። ከብራዚል በረኛ መግዛት ቡና አገር ሄዶ ሻይ ሸምቶ እንደመመለስ ነበር የሚቆጠረው።

ይሄን መጀመሪያ የሰበረው በረኛ ክላውዲዮ ታፋሬል ነው። በ1990 ገና ወደ ጣሊያን ከፍተኛ ሊግ (ሴሪ አ) ያደገው ፓርማ አስፈረመው። በዚያን ጊዜ አንድ የጣሊያን ክለብ ሜዳ እንዲያስገባ የሚፈቀድለት 3 የውጭ ተጫዋች ብቻ ነበር። ፓርማ ከሦስቱ አንዱን ለበረኛ ሰጠ። ጣሊያን ደግሞ በረኛ አጥታ አታውቅም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮሎምቢያዊው አጥቂ አስፕሪያ መጣ። የውጭ ተጫዋቾች አራት ሆኑ፣ ሜዳ የሚገቡት ግን ሦስት ናቸው። ከወንበር የሚቀመጠው ማን ሆነ? ታፋሬል። ስለተበላሸ አይደለም። ሒሳቡ ስላልሞላ ነው። 1994 መጣና ይኸው ሰውዬ ብራዚልን በፍፁም ቅጣት ምት የዓለም ሻምፒዮን አደረጋት።

ወረቀት

አሁን ወደ አሰልቺው፣ ግን ሁሉን ወደሚወስነው ነገር እንግባ።

በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ቦስማን በተባለ ቤልጂየማዊ ተጫዋች ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የሆነ ተጫዋች በኅብረቱ አገሮች ውስጥ እንደ ውጭ ሰው አይቆጠርም። ለፈረንሳዊውና ለጀርመናዊው በሩ ተበረገደ። ለብራዚላዊው ግን ባሰበት። የውጭ ተጫዋች ቦታ አሁንም ጥቂት ነው፣ ያንን ጥቂት ቦታ የሚሻሙት ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ሁሉ ናቸው። ክለብ ያንን ቦታ ለማን ይሰጣል? ጎል ለሚያገባለት።

ስለዚህ የአውሮፓ ፓስፖርት ወርቅ ሆነ። ብዙ ብራዚላውያን አያታቸው ወይም ቅድመ አያታቸው ጣሊያናዊ፣ ፖርቹጋላዊ ወይም ጀርመናዊ ነው። የአያት የልደት ወረቀት ፍለጋ ከልምምድ እኩል የሥራ አካል ሆነ። አንዳንዱም በአቋራጭ ሄደ። ሚላን ያስፈረመው ዲዳ የተባለ ብራዚላዊ በረኛ በ2001 የያዘው የፖርቹጋል ፓስፖርት ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀ። ለአንድ ዓመት ታግዶ በውሰት ወደ ብራዚሉ ኮሪንቲያንስ ተመለሰ። ከእገዳው በኋላ በ2003 በኦልድ ትራፎርድ በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከጁቬንቱስ ሦስት ፍፁም ቅጣት ምቶች አዳነ። ሚላን ዋንጫውን በላ። በእኔ ግምት «የብራዚል በረኛ አይታመንም» የሚለውን ወሬ የገደለው ያ ምሽት ነው።

የሌላው በረኛ የጁሊዮ ሴዛር ደግሞ ያስቃል። የጣሊያኑ ኢንተር በጥር 2005 ከብራዚሉ ፍላሚንጎ ሊያመጣው ፈለገ። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተጫዋች የተመደበው ቦታ ግን ሞልቶበታል። ምን ተደረገ? ኪዬቮ በሚባለው ትንሽ ክለብ ስም ተመዘገበ። ለስድስት ወር የኪዬቮ ተጫዋች ሆኖ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ክረምት ሲመጣ ወደ ኢንተር ገባ። አምስት ዓመት ቆይቶ ከሞሪንሆ ጋር በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ዋንጫ አነሳ።

በእንግሊዝ ነገሩ የሥራ ፈቃድ ነው። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተጫዋች ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ ይቆጠርበት ነበር። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ ነገሩ በነጥብ ሆነ፤ አውሮፓዊውም አብሮ ይቆጠርበታል። በዚህ ዓይነት ስሌት የብራዚል በረኛ ክፉኛ ይጎዳል። አጥቂ ተቀይሮም ቢሆን ለብሔራዊ ቡድን ይገባል። በረኛ ግን አንዱ ከቆመ ሌላው ለዓመታት ጃኬት ለብሶ ነው የሚቀመጠው።

ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ የማይከለክል አንድ በር አለ፦ ፖርቹጋል። የፖርቹጋል ሊግ ከአውሮፓ ውጭ በሚመጡ ተጫዋቾች ቁጥር ላይ ገደብ አላደረገም። ቋንቋውም አንድ ነው። ለበረኛ ቋንቋ ቀልድ አይደለም። ሥራው ግማሹ ጩኸት ነው፤ «ውጣ!»፣ «የኔ!»፣ «ከኋላህ!» ማለት አለበት። አጥቂ አንድ ቃል ባይናገርም ጎል ያገባል። በረኛ ቋንቋ ካልቻለ ተከላካዮቹ ከእሱ ጋር ይጋጫሉ።

ወረፋ

ኤደርሰን ነሐሴ 1993 ተወለደ። በሳኦ ፓውሎ ክለብ ታዳጊ ቡድን ነበር። በዚያ ክለብ የዋናው ቡድን በረኛ ሮጄሪዮ ሴኒ ነው፤ ቅጣት ምትና ፍፁም ቅጣት ምት እየመታ ከ100 ጎል በላይ ያስቆጠረ ሰው። በእግሩ የሚጫወት በረኛ ለዚያ ሰፈር ልጅ ብርቅ አልነበረም ማለት ነው። በ2009 ኤደርሰን ወደ ቤንፊካ ታዳጊ ቡድን ተሻገረ።

ቤንፊካ ሲባል ሊዝበን፣ ትልቅ ስታዲየም፣ ቀይ ማሊያ ይታያችኋል። እሱ ግን በ2011 ያረፈው ሪቤይራኦ ነው፤ በሰሜን ፖርቹጋል የምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ያኔ በሦስተኛው እርከን የሚጫወት ክለብ። 18 ዓመቱ ነው። ከብራዚል የመጣው ለዚህ ነበር? ብዙው ልጅ እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን የሚያነሳው።

በ2012 ወደ ሌላ የፖርቹጋል ክለብ፣ ወደ ሪዮ አቬ ሄደ። አሠልጣኙ ኑኖ እስፒሪቶ ሳንቶ ነው፤ ራሱም የቀድሞ በረኛ። መልካም ነው። ግን ግቡ ላይ ከቤንፊካ በውሰት የመጣ አንድ ስሎቬኒያዊ ወጣት ቆሟል። ስሙ ያን ኦብላክ። አዎ፣ የዛሬው የአትሌቲኮ ማድሪዱ ኦብላክ። በአንድ ትንሽ ክለብ ሁለት እንዲህ ያሉ በረኞች! አንዱ ግን መቀመጥ አለበት።

የዚህ ሙያ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ተከላካይ ቦታው ከተያዘበት በቀኝ መስመር ይሞክራል። አማካይ 70ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ይገባል። በረኛ ግን ወይ ይጫወታል ወይ አይጫወትም። ሁለተኛ በረኛ ሳምንቱን ሙሉ ከአንደኛው እኩል ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ማስቲካ ያኝካል። ተራው የሚደርሰው አንደኛው ሲሸጥ፣ ሲቀጣ ወይም ሲጎዳ ነው። የባልደረባህን ክፉ ሳትመኝ ክፉውን መጠበቅ ከባድ ነገር ነው።

በ2015 ቤንፊካ መልሶ ወሰደው። እዚያም ወረፋ። ከፊቱ ያለው ጁሊዮ ሴዛር ነው፤ ያ በኪዬቮ በኩል የዞረው ሰውዬ። በ2014 የዓለም ዋንጫ በጀርመን 7 ጎል ገብቶበት እዚህ የመጣ አንጋፋ። መጋቢት 2016 ላይ ጁሊዮ ሴዛር ተጎዳ። ቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ ከማን ጋር ሆነና? ለዋንጫ ከሚፎካከራቸው ከስፖርቲንግ ጋር፣ ያውም በስፖርቲንግ ሜዳ። የ22 ዓመቱ ልጅ ቆመ። ቤንፊካ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ መሪነቱን ያዘ፣ ዋንጫውንም በላ። ከዚያ በኋላ ኤደርሰንን ከግቡ የሚያወጣው አልተገኘም። ሪቤይራኦ ከገባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ገንዘቡ ማን ኪስ ይገባል?

በ2017 ሲቲ በ40 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። በዜና ላይ የምንሰማው ይህችን አንዲት ቁጥር ነው። ከበስተጀርባዋ ግን ብዙ እጆች አሉ።

ቤንፊካ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነበር። ተጫዋቹን ከሪዮ አቬ ሲያመጣ ሙሉ መብቱን አልገዛም። በደቡብ አሜሪካና በፖርቹጋል ይሄ የቆየ ልማድ ነው። ክለቡ ዛሬ ትንሽ ይከፍላል፣ «ነገ ስትሸጡት ይሄን ያህል በመቶ ለእኛ» የሚል አንቀጽ ይፈርማል። ልክ በሬ ተጋርቶ እንደማሳደግ ነው። ክለብ ያልሆኑ ባለሀብቶችም በዚህ ይገቡበት ነበር። ፊፋ በ2015 ያንን አገደ፤ ተጫዋች የሚሸጠው የማይታወቅ ሰው ሲፈልግ ሆነ የሚል ክስ በዝቶ ነበር።

ሌላው የአሳዳጊ ክለቦች ድርሻ ነው። ተጫዋች ከአገር አገር በክፍያ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ተነስቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። በ40 ሚሊዮን ዩሮ ዝውውር ስናሰላው አንድን ልጅ በ14 ዓመቱ አንድ ዓመት ያሠለጠነ ክለብ 100 ሺህ ዩሮ፣ በ17 ዓመቱ ያሠለጠነው 200 ሺህ ዩሮ ይደርሰዋል። ለትንሽ ክለብ ይሄ የዓመት ደመወዝ ነው። የትናንሽ ክለቦች ሰዎች የድሮ የምዝገባ ወረቀት እንደ ቤት ካርታ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

እግር

ሲቲ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ለእጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ርካሽ በረኛ ያገኝ ነበር።

እስከ 1992 ድረስ ተከላካይ ኳስ ወደ በረኛው ሲመልስለት በረኛው በእጁ ያነሳት ነበር። ሕጉ ተቀየረና ሆን ተብሎ በእግር የተመለሰችን ኳስ በእጅ መያዝ ተከለከለ። ያኔ በረኞች ሁሉ ድንገት እግራቸውን አስታወሱ። ብዙዎቹ የደረሳቸውን ወደ ሰማይ መላክ ተማሩ። የሲቲ አሠልጣኝ ጓርዲዮላ ግን ከዚያ በላይ ፈለገ። ለእሱ በረኛ 11ኛው ተጫዋች ነው። ሲቲ እንደደረሰ የእንግሊዙን ጆ ሃርት በውሰት ወደ ቶሪኖ ሸኘው። ያመጣው ክላውዲዮ ብራቮ በእግሩ ጎበዝ ነበር፣ ኳስ ማዳን ላይ ግን ያ ዓመት ጠመመበት። ሁለቱንም የሚችል ሰው ሲፈለግ ነው ኤደርሰን የተገኘው።

በአራተኛው የሊግ ጨዋታው፣ መስከረም 9 ቀን 2017፣ ከሊቨርፑል ጋር ነበር። ረጅም ኳስ መጣች። ኤደርሰን ከግብ ክልሉ ሮጦ ወጥቶ በግንባሩ ሊመታት ዘለለ። የሊቨርፑሉ ሳዲዮ ማኔ እግሩን አነሳ። ጫማው ፊቱ ላይ አረፈ። ማኔ ቀይ ካርድ፣ ኤደርሰን ቃሬዛ። ፊቱ ተሰፋ። ከአራት ቀን በኋላ ሮተርዳም ላይ ከፌይኖርድ ጋር ሲጫወቱ ግን መከላከያ ቆብ አጥልቆ ግቡ ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲቲ ደጋፊ የእሱ ሆነ።

በ2019 ሕጉ እንደገና ተቀየረ። ድሮ የመልስ ምት ከግብ ክልሉ ሳይወጣ ሌላ ተጫዋች ሊነካው አይችልም ነበር። አሁን ተከላካዩ እዚያው በረኛው አጠገብ ይቀበላል። በእግሩ ለሚጫወት በረኛ ይሄ ተጨማሪ ስጦታ ነው። ኤደርሰን ለጎል አመቻችቶ በማቀበል በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ የበረኞችን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ቀድሞ የፖል ሮቢንሰን ነበር። ስድስት የሊግ ዋንጫም አነሳ።

ከፊት የቆመው አሊሰን

እና ይሄ ሰው የብራዚል ቋሚ በረኛ መስሏችሁ ይሆናል። አልነበረም። እዚያም ወረፋ አለ፣ ከፊቱ አሊሰን ቤከር ቆሟል።

አሊሰን የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። ፖርቹጋልን አልነካም። ከኢንተርናሲዮናል በ2016 በቀጥታ ሮማ ገባ። የሚገርመው፣ ያኔ የብራዚል ብሔራዊ ቡድን አንደኛ በረኛ ነው፣ ሮማ ውስጥ ግን ለሊግ ጨዋታ ወንበር ላይ ነው። ግቡን የያዘው ከአርሰናል በውሰት የመጣው ሸዝኒ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሸዝኒ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። አሊሰን አንድ ዓመት ብቻ ቆመ፣ ሮማ ባርሴሎናን ጥሎ ለቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፣ ሊቨርፑልም በዚያን ጊዜ ለበረኛ ተከፍሎ በማያውቅ ዋጋ ወሰደው። ክብረ ወሰኑ ወር አልሞላውም፤ ቼልሲ በረኛውን ኬፓን በበለጠ ዋጋ ገዛ።

ሊቨርፑል ውስጥ ያደረገው ሁሉ ቢረሳ አንዲት ኳስ አትረሳም። ግንቦት 16 ቀን 2021፣ ከዌስትብሮም ጋር 1 ለ 1፣ 95ኛው ደቂቃ፣ ማዕዘን ምት። አሊሰን ግቡን ትቶ ወጣ፣ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። አባቱ ከሦስት ወር በፊት ውኃ ውስጥ ሰጥመው ነው የሞቱት። በኮሮና የጉዞ ገደብ ምክንያት ለቀብር እንኳን አልደረሰም። ቃለ መጠይቁ ላይ እያለቀሰ ነበር የሚናገረው።

ኤደርሰን በ2018ም በ2022ም ለዓለም ዋንጫ ተጉዟል። የተጫወተው አንድ ጨዋታ ነው፣ ኳታር ላይ፣ ብራዚል ቀድማ ካለፈች በኋላ፣ ከካሜሩን ጋር። በጭማሪ ሰዓት ቪንሰንት አቡባካር በግንባሩ አገባበት። አቡባካር ከደስታው ማሊያውን አወለቀ። ዳኛው ፈገግ ብሎ እጁን ጨበጠውና ሁለተኛ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ አሳየው። ሁላችንም ስቀናል። አንድ ሰው ብቻ ግቡ ውስጥ ኳስ እያነሳ ነበር።

ኢስታንቡል

ሰኔ 10 ቀን 2023 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ኢስታንቡል ላይ ተደረገ። ሲቲ ኢንተርን 1 ለ 0 እየመራ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሉካኩ ከቅርብ በግንባሩ መታት። ኳሷ የኤደርሰን እግር ላይ ተላትማ ወጣች። በጭማሪ ሰዓት ጎሰንስ ሌላ ሞከረ፣ ያችንም በቡጢ መለሰ። ሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ። ለእግሩ የተገዛው ሰው በመጨረሻው ሰዓት በቆመበት ቦታ አዳናቸው።

መስከረም 2025 ላይ ሲቲን ለቀቀ። በእሱ ቦታ በረኛው ዶናሩማ መጣ። ኤደርሰን የሄደው ወደዚያችው ከተማ ነው፤ ፌነርባቼ አስፈረመው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ባላንጣው ጋላታሳራይ ግብ ላይ ሌላ ብራዚላዊ ቆሞ ነበር፤ አርሰናልን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፎ የዩኤፋ ዋንጫ ያነሳ። ታፋሬል። ከብራዚል ብሔራዊ ቡድን ሥራው በተጨማሪ ከ2021 እስከ 2025 በሊቨርፑል የአሊሰን አሠልጣኝ የነበረው ያው ሰው።